ሱምያ «ተገኘ» ብላ የጻፈች ዕለት

«ሰው ማስታወቂያ አያነብም፤ ሰው የሚያነበው የሰው ችግር ነው» ትል ነበር ሱምያ። ዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ ተምራ በደህና ውጤት ተመርቃለች፤ ይህችን አባባል ግን ከክፍል አላገኘቻትም። ሥራ ፍለጋ በየቢሮው ደጅ ስትጠና ከርማ፣ ሰልችቷት ለአንድ ፀጉር ቤት በፌስቡክ መጻፍ ስትጀምር ራሷ የደረሰችባት ናት።

እኔ የቤተሰቧ ተከራይ ነኝ። የማክሰኝት ልጅ ነኝ፣ ባሕር ዳር ኮሌጅ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ጣና ዳር በአባቷ በጋሽ አብዱልከሪም ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዤ ስኖር ሱምያ ከተማሪነት ወደ ታዋቂነት ስትሸጋገር አይቻለሁ። ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ፣ ኢንተርኔት የማይቆራረጥበት የምታዘወትረው ካፌ ነበራት። በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ስለምትቀመጥ አስተናጋጆቹ ሲያዩዋት ፊታቸው ይጠቁር ነበር።

አጻጻፏን አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ለአንድ የቤት ዕቃ ሻጭ «ባሌ ትናንት ጥሎኝ ሄደ» ብላ ጀመረች። ሰው ሁሉ እየተንሰፈሰፈ ቀጣዩን ሲከፍት፣ ባልየው ለካ አልጋ ሊገዛ ሄዶ ፍራሹ ተመችቶት እዚያው ሱቁ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶታል። አገር ሳቀ። ሰውየውም ዕቃውን ሸጠ። እኔ ግን ነገሩ አልጣመኝምና «ይኼ ማታለል አይደለም ወይ?» አልኳት።

«ጋሽ ሣህሉ፣ እርስዎ ሲያስተምሩ ስንቱ ተማሪ ነው የሚተኛ? የእኔን ተኝቶ የሚያነብ የለም» አለችኝ። ክፍሌን አውቀዋለሁ።

ጋሽ አብዱልከሪም የእንጨት ጀልባ ሠሪ ናቸው። በእኛ ዳርቻ ከሚንሳፈፈው ጀልባ የሚበዛው ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው። ቃል ከአፋቸው የሚወጣው በግድ ነው። ባለቤታቸው እትዬ መዲና ደግሞ የእሳቸውንም ድርሻ ጨምረው ይናገራሉ። የሱምያ ታላቅ ሙኒር ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ አባቱ በሠሩለት ጀልባ ይወጣል፣ ሲመለስ ሳቁ ከጀልባው ቀድሞ ይደርሳል። ፎቶ መነሣት ይወዳል። እህቱም ስልኳን ከፊቱ አታርቅም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው አቶ ባምላክ የሚባሉ ሰው ዓሣ ቤት የከፈቱ ጊዜ ነው። ወንበሩ ሁሉ ባዶ፣ አስተናጋጁ ዝንብ ሲያባርር የሚውልበት ቤት ነበር። ሱምያን ለመኗት። እሷም ሙኒር ጀልባው ላይ ቆሞ የተነሣውን ፎቶ አወጣችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ወንድሜ ጠፍቷል። ትናንት ጠዋት ወደ ሐይቁ እንደወጣ አልተመለሰም። እናቴ እህል አልቀመሰችም። ያያችሁት ካላችሁ በአላህ ንገሩን።» ከታች፣ ገባ ብሎ ደግሞ፦ «ተገኘ! ባምላክ ዓሣ ቤት ቁጭ ብሎ ሌላ ጥብስ ጨምሩልኝ እያለ ነው። ለእናቴም አንድ እንዲያስጠቀልልላት ንገሩልኝ።»

ከተማው በሳቅ አበደ። ባምላክ ቤት መቀመጫ ጠፋ። ሙኒር በወጣ በገባ ቁጥር የፔዳ ተማሪ ሁሉ «የጠፋው መጣ!» እያለ ይቀበለው ጀመር፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ እጁን ያውለበልባል። ያልሳቁት እትዬ መዲና ብቻ ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ጎረቤት አንብቦላቸው ነው የሰሙት።

«በቁሙ ላለ ሰው ጠፋ ይባላል? ሟርት ነው! አፍሽን ለመልካም አታደርጊውም?»

«እማ፣ ጽሑፍ እኮ ነው፤ በአፌ አላልሁም» አለች ሱምያ እየሳቀች።

«ጽሑፍማ ይብሳል። አፍ ያለውን ይረሳል፤ የተጻፈው ተቀምጦ ይጠብቃል።»

እኔም ሳቅሁ። የተማርን ሰዎች አይደለን?

ክረምቱ ሲገባ ሙኒር አንድ ማለዳ መረቡን ሊያነሣ ወጣ። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ተነሣ፤ ጣና በክረምት መግቢያ ሲቆጣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሌሎቹ ጀልባዎች እየተንገዳገዱ ገቡ። የሙኒር አልገባችም። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። እናቱ ዳር ላይ ቆመው ቀሩ።

በእኛ ዳርቻ ሰው ሐይቅ ላይ ሲቀር ጀልባ ያለው ሁሉ መረቡን ትቶ ለፍለጋ ይወጣል፤ ጋሽ አብዱልከሪም የሠሩላቸው ደግሞ ሳይጠሩ ነው የመጡት። እሳቸው በደሴቶቹ በኩል መሩ። ነፋሱ የነፈሰው ግን ወደ ሰሜን ስለነበር ትልቁ ተስፋ የደንቢያ ዳርቻ ነው። እዚያ የእትዬ መዲና ወንድም ቡርሀን አለ። የቆላ ድባን አካባቢ ሰው አስተባብሮ፣ ባለ ጀልባውን በጀልባ፣ እግረኛውን በእግር፣ ደንገሉንና ሸምበቆውን ማሰስ ጀመረ። ሞተሩ የቆመበት ጀልባ ደንገል ውስጥ ከተቀረቀረ፣ ሰውየው በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ሁሉም በዚህ ነው ተስፋ ያደረገው።

ሱምያ የምትችለውን አደረገች። የሚከተሏት ሰዎች በሐይቁ ዙሪያ ባለ ከተማና ገጠር ሁሉ አሉ፤ አንዱ ያየው እንደሆነስ? ያንኑ ፎቶ አወጣች። «ወንድሜ ጠፍቷል» ብላ ጻፈች።

ሰው ወዲያው ጎረፈ። «ዛሬ ደግሞ የማን ዓሣ ቤት ነው?» «ጥብሱን ጨርሶ ይምጣ፣ አታጣድፉት።» «ይቺ ልጅ አትቻልም!» እሷም «ወላሂ እውነቴን ነው» ብላ ጻፈች። «ማስታወቂያው ወላሂ ማለት ጀመረ» አሉ። እናቷን ዳር ላይ ተቀምጠው የሚያሳይ ፎቶ አወጣች፤ «እናትየው ትወና ትችላለች» አለ አንዱ። አቶ ባምላክ ራሳቸው ገብተው «ልጁ እውነት ጠፍቷል፣ እባካችሁ» ብለው ቢጽፉ፣ «ባለቤቱ መጣ! የምግብ ዝርዝሩን ይለጥፉልን» ተባሉ። በመጨረሻ ያለ ፎቶ፣ ያለ ልመና፣ ስሙን፣ የለበሰውን ሸሚዝና የጀልባዋን ቀለም ብቻ ጻፈች። ያንን ደግሞ ማንም ዞሮ አላየው።

«እንዲያነቡኝ አስተማርኋቸው፤ እንዲያምኑኝ አላስተማርኋቸውም» አለችኝ።

ፍለጋው ገና ሳይቋረጥ፣ አንድ ከሰዓት እትዬ መዲና ከዳርቻው ተነሥተው ወደ ግቢ ገቡ። ከልጃቸው ፊት ተቀመጡ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

«ሱምያ፣ ጻፊ።»

«ምን ልጻፍ እማ?»

«ተገኘ ብለሽ ጻፊ። ጠፋ ብለሽ ጻፍሽ፣ ጠፋ። አሁን ተገኘ በይ።»

«እማ፣ እንዲህማ አይሆንም…»

«ያኛው ሆኖ የለም?»

«እትዬ መዲና፣ ሰው እውነት መስሎት ይሳሳታል» ብዬ ገባሁ።

«ይሳሳት! ሰው ይሳሳትና ልጄ ይግባልኝ!» አሉ። ከዚያ የሱምያን ሁለት እጆች ከስልኩ ጋር አንድ ላይ ያዙ። «የእኔ ልጅ፣ በሞቴ። ጻፊልኝና አንብቢልኝ።»

ውኃ የሚወስደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ተረት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሱምያ ወደ እኔ ዞራ «ጠፋ ስላቸው ማን አመነኝ ጋሽ ሣህሉ? ተገኘ ብላቸውስ ማን ያምነኛል? እማ እንኳ ትረፍ» አለች። እንዲያ አስባ ጻፈች። «አልሃምዱሊላህ። ወንድሜ ሙኒር ተገኝቷል። የተጨነቃችሁልን ሁሉ አላህ ውለታችሁን ይክፈል።» ማጥመጃ የሌለው፣ ቀልድ የሌለው፣ ባዶ ሦስት ዐረፍተ ነገር። አነበበችላቸው። እትዬ መዲና «አሚን» ብለው፣ ሙኒር ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋደም አሉ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እኛ ያላወቅነው ይህ ነው፤ ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ ይጠራጠራል፣ ደግ ወሬ ሲሰማ ግን አይጠይቅም። ሲስቅባት የነበረው ሁሉ «ለካ እውነት ኖሯል» ብሎ አፈረና፣ በኀፍረቱ መጠን ወሬውን ያሰራጨው ጀመር። ከጻፈችው ሁሉ እንደዚያ የተሰራጨ የለም።

ቀኑ የቆላ ድባ ገበያ ነበር። ከገበያው የአንዱ ስልክ ላይ የታየው ወሬ ሐይቁ ዳር ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የቡርሀን ሰዎች ከትልቁ የደንገል ጥቅጥቅ ገና መግባታቸው ነበር። ከዳር «ተገኝቷል! ውጡ!» ብለው ጮኹላቸው። ቡርሀን ደስታውን መቆጣጠር አቅቶት አለቀሰ። ወደ ጋሽ አብዱልከሪም ደወለ፤ እሳቸው ሐይቅ መሐል ናቸው፣ ስልክ አይዝም። ወደ ሱምያ ደወለ፤ የእሷ ስልክ ደግሞ እንኳን ደስ አላችሁ በሚለው ሁሉ ተይዟል። «እህቱ ራሷ ጽፋ ምን እጠራጠራለሁ» አለና፣ የደከመውን ሰው መርቆ አሰናበተ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ የእኛዎቹ ጀልባዎች እየዘፈኑ መጡ። መንገድ ላይ ያገኙት ጀልባ ነግሯቸዋል። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ጋሽ አብዱልከሪም ጀልባው ዳር እስኪነካ አልጠበቁም፤ ከነልብሳቸው ውኃው ውስጥ ወርደው፣ በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ መጡ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ሱምያ ከበሩ ላይ ቆማለች።

«የት አለ?» አሏት።

ስልኳን ከኋላዋ ደበቀች። እሳቸውም እንደገና «ተኝቷል እንዴ? የት አለ?» አሉ። እልልታው ከኋላ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

በነጋታው ዝናቡና ነፋሱ አንድ ላይ ወርደው ጀልባ የሚያስወጣ አልነበረም፤ እንዲሁ ሰነበተ። ነፋሱ ሲበርድ፣ ደንገል የሚያጭድ አንድ ሰው ጀልባዋን አገኛት፤ የቡርሀን ሰዎች ጥለውት ከወጡት ጥቅጥቅ ውስጥ፣ ጥቂት ገባ ብላ። መቅዘፊያው ቀጥ ብሎ ተተክሏል። ሸሚዙ አናቱ ላይ በደንብ ተቋጥሮ ታስሯል፤ ከሩቅ እንዲታይ። ሙኒር ግን አልነበረባትም። በዋና ሊወጣ ሞክሮ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ቡርሀን ሸሚዙን ይዞ መጣ፤ ለአባትየው ሰጣቸውና ከግቢው ግንብ ሥር ተቀምጦ ፊቱን ሸፈነ። አስከሬኑ በሌለበት የቀብር ስግደት ተሰገደበት።

ጋሽ አብዱልከሪም ያኔ ሠርተው ያጋመሷት ጀልባ ዛሬም ሳትጨረስ ግቢው ውስጥ በጎኗ ተጋድማለች፤ ዶሮ ይፈለፈልባታል። ልጃቸውን አንድ ክፉ ቃል አልተናገሯትም። እሷ እንደሆነ ብትሰደብ ትመርጣለች። አሁን ፋርማሲ ውስጥ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ባለሱቆቹ ዛሬም ይመጣሉ፤ ስሟ ይበልጥ ገንኗል። «አልጽፍም» ትላቸዋለች፤ ዋጋ የምታስወድድ ይመስላቸዋል።

ያ ጽሑፍ ግን አሁንም አለ። ከሩቅ አገር፣ ወሬውን ገና ያየ ሰው «እንኳን ደስ አላችሁ»፣ «አላህ ጨርሶ ይማርላችሁ» እያለ ይጽፍበታል። ባለፈው ሳምንት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ለእነዚህ ሰዎች አንድ በአንድ «አሚን» እያለች ስትመልስ አየኋት። «ለምን አትሰርዥውም ልጄ?» አልኳት።

ዓይኗን ከስልኩ አላነሣችም።

«እማ አትፈቅድም። ሙኒር የተገኘ እዚህ ላይ ብቻ ነው ትላለች።»