ስታማቲስ ተሳፋሪ አይቆጥርም

በእኛ ደሴት ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው አይቆጠርም። ፍየል ይቆጠራል፣ የዘይት ጣሳ ይቆጠራል፣ ሰው ግን አይቆጠርም። ባሕሩ ቁጥሩን ከሰማ ማጉደል ያምረዋል ይባላል። እንግዶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ እኔ አልስቅም። የባለጀልባው የስታማቲስ አባት በሞተ ሳምንት፣ ከዋናው ምድር የተላከ አዲስ ፖሊስ ወደቡ ላይ ቆሞ ተሳፋሪዎቹን በጣቱ እየጠቆመ ቆጥሮ ነበር። ከዚያ አባትየው ከነጀልባው ቀረ። ፖሊሱ ምን አጠፋ? ምንም። ስታማቲስ ግን እናቱ ያንን ፖሊስ ስትረግም እየሰማ ነው ያደገው። እንዲህ ያለ ነገር ከሰው ሆድ አይወጣም።

እኔ አርጊሮ ነኝ፣ ከወደቡ በላይ ሁለት ክፍል አከራያለሁ። የስታማቲስን ታላቋን ልጅ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ አበልጆች ነን። ሲበላ ቀስ፣ ሲራመድ ቀስ የሚል፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነበር። ሚስቱ ካሊዮፒ «ይሄ እኮ ላግባሽ ለማለት ሦስት ዓመት የፈጀ ሰው ነው» እያለች ታበሽቀዋለች። እሱ ደግሞ «ቸኩዬ እንኳ ይኸው አንቺ ላይ ወደቅኩ» ይላታል።

በበጋ እንግዶችን ከፊት ለፊታችን ወዳለችው የፍየል ደሴት ያደርሳል። እዚያ ሌፍቴሪስ የሚባል እረኛ ብቻውን ከፍየሎቹ ጋር ይኖራል፤ ኮረብታው ላይ የቅድስት ፔላጊያ ትንሽ ጸሎት ቤት፣ በደቡብ በኩል ደግሞ ውኃው ሰማያዊ የሆነ ዋሻ አለ። ሌሎቹ ባለጀልባዎች ሙዚቃቸውን እያስጮኹ ዋሻውን ዞረው ይመለሳሉ። ስታማቲስ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋና «አሁን ዝም በሉ» ይላል። ጀልባዋም ወደወደደችው ትንሳፈፋለች። የሚሰለቸው ይሰለቸዋል፤ ሌላው ግን በዓመቱ ተመልሶ መጥቶ ስታማቲስ የታለ ብሎ ይጠይቃል።

ታዲያ ሳይቆጥር ሰው እንዳልቀረ በምን ያውቃል? የጀልባዋ ጎን ላይ ቀይ መስመር ቀብቷል። ጠዋት ሰው ከተሳፈረ በኋላ ውኃው ከመስመሩ ስንት ጣት እንደወረደ ያያል። ሲመለስም ከፍየል ደሴት ከመነሳቱ በፊት ጀልባዋ የምትታሰርበት ድንጋይ ላይ ቆሞ ያንኑ ያያል። ከተስተካከለ ሁሉም ገብቷል ማለት ነው። «እሷ አትዋሽም» ይል ነበር ጀልባዋን መታ መታ እያደረገ። ዕድሜውን ሙሉ አልዋሸችውም።

በግንቦት ሊስቤት የምትባል ኔዘርላንዳዊት እኔ ዘንድ ክፍል ያዘች። በጡረታ ላይ ያለች አዋላጅ ናት፤ በጣም ቀጭን። ለሳምንት መጥታ በጋውን ሙሉ ከረመች። በቀን አንድ መንገድ ብቻ ትሄዳለች። አንድ የድንጋይ አጥር ሥር ተቀምጣ ትውልና ማታ ስትመለስ ስለ እንሽላሊቶቹ ታወራኛለች። መጀመሪያ የታመመች መስሎኝ ነበር። ስታማቲስ ግን ከሱ የባሰች ዝግተኛ በማግኘቱ ደስታውን አልቻለውም።

«ሊስቤት፣ ሰው ሰባት ደሴት በሳምንት ይጨርሳል። አንቺ የኔን አንዷን የፍየል ደሴት መቼ ነው የምትጨርሻት?» ይላታል።

«ጨርሼ የት ልሂድ?»

«እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ። የደቡብ ነፋስ ከተነሳ ዋሻው አጠገብ እንዳትገኚ። ውኃው ከሥር ነው የሚነሳው፤ መውጫ አይሰጥም።»

«እሺ አባባ» አለችው፤ እሷ በዕድሜ ትበልጠዋለች። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ዋሻውን ግን ትወደው ነበር። እውስጡ ከውኃው ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ተቀምጣ የውኃውን መልክ ስትጠብቅ እንደምትውል ሁላችንም እናውቃለን።

መስከረም ሲያልቅ አገሯ ልትመለስ ቀን ቆረጠች። ከመሄዷ በፊት የፍየል ደሴትን እንድትሰናበት ስታማቲስ ሊወስዳት ቃል ገባላት። በዚያ ጠዋት ሰማዩ ቢጫ ነበር። ከአፍሪካ በረሃ የሚነሳው አቧራ ሌሊቱን መጥቶ ያሰጣሁትን አንሶላ አበላሽቶታል። ነፋስ የለም፤ ወደቡ ውስጥ ያለው ውኃ ግን ያለ ነፋስ ከፍ ዝቅ ይላል። ዓሣ አጥማጆቹ ሳይነጋገሩ ጀልባቸውን ወደ የብስ ይጎትታሉ። እኔን ከሁሉም ያስፈራኝ ያ ዝምታቸው ነው።

«ስታማቲ፣ ዛሬ ይቅርብህ» አለችው ካሊዮፒ።

«ለምሳ እደርሳለሁ። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው።»

«እሱ ነው የነገረህ?»

«ጉልበቴ ነገረኝ።»

«ጉልበትህማ ባለፈው ዝናብ ይመጣል ብሎን ስንጠብቅ ከረምን» አለችው። ሳቀ፣ ሞተሩን አስነሳ። ሊስቤት ዳቦና አይቧን ይዛ ከሌሎቹ እንግዶች ጋር ተቀምጣ እጇን አውለበለበችልኝ። ልቤ አልወደደውም። ኮትሽን ልበሺ አልኳት እንጂ ሌላ አልተናገርኩም።

ነፋሱ ምሳን አልጠበቀም። እዚያ የሆነውን በኋላ ሌፍቴሪስ ነው የነገረን። ስታማቲስ ማዕበሉን ሲያይ ቀንደ መለከቱን ነፋ፣ እንግዶቹም ከየቦታው እየሮጡ መጡ። ሌፍቴሪስ ለልጁ ሠርግ ያደለበውን ሙክት እየጎተተ ደረሰና «ስታማቲ፣ በናትህ ይህን አድርስልኝ፣ ከዚህ በኋላ ለሳምንት መሻገሪያ አላገኝም» አለው። «ጫን፣ ቶሎ በል» አለው። ሙክቱን አስረው ከፊት አስተኙት። ሌፍቴሪስ የቀሩትን ፍየሎች ሊሰበስብ ሮጠ። ስታማቲስ እንደ ልማዱ ድንጋዩ ላይ ቆሞ መስመሩን አየ። ውኃው ልክ ቦታው ላይ ነበር። አማተበና ተነሳ።

እኛ ወደቡ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ጀልባዋ ስትገባ እንግዶቹ ርሰው፣ ፊታቸው ነጥቷል። ሙክቱ እየተራገጠ ስላስቸገረ ማንም ሰው ሳይወርድ በፊት ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው አወጡት። ጀልባዋ ከፍ አለች፤ ውኃው ከመስመሩ ከጠዋቱ ይበልጥ ወረደ። ስታማቲስ ገመዱን ለማሰር ዘሎ ወርዶ ነበር፤ ዓይኑ ቀዩ መስመር ላይ አረፈና ማሰሩን ተወ። እኔ ደግሞ የእንግዶቹን ፊት አንድ በአንድ እያየሁ እፈልጋለሁ።

«ሊስቤትስ?» አልኩ።

«ሙክቱን ረሳሁት» አለ። «አበልጄ፣ ሙክቱን ረሳሁት።»

እንግዶቹን ባንድ ጊዜ አስወረዳቸው። የባሕር ጠባቂዎች ተደወለላቸው፤ መነሻቸው ግን ከዋናው ምድር ነው። ካሊዮፒ ገመዱን በሁለት እጇ ያዘች።

«አትሄድም።»

«ዋሻው ውስጥ ናት። እነሱ እስኪደርሱ ይሞላል።»

«እንግዲያው ሰው ይዘህ ሂድ።»

«አንድ ሰው ረስቻለሁ ካሊዮፒ፣ ሌላ አልጨምርበትም። ልቀቂ።»

አልነጠቃትም። ማዕበሉ ድንጋዩን እየደበደበ፣ ሰው ሁሉ እየጮኸ፣ እሱ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ጠበቃት። በመጨረሻ እጇን ራሷ ከፈተች። ጀልባዋ በደቡቡ በኩል እስክትሰወር አየናት።

ነፋሱ በማግስቱ ጠዋት ጋብ አለ። የባሕር ጠባቂዎቹ ጀልባ ሊስቤትን ይዞ ገባ። ጸጉሯ እንኳ አልራሰም። ለስንብት ሻማ ልታበራ ጸሎት ቤቱ ወጥታ ነበር፤ መለከቱን ሰምታ እስክትወርድ ጀልባዋ ርቃለች። ስታማቲስ የደቡብ ነፋስ ከተነሳ ዋሻው አጠገብ እንዳትገኚ ያላትን አስታወሰች። ተመልሳ ወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ አግዳሚው ላይ ተኛች። ቃሉን ጠብቃ ዳነች። እሱ ደግሞ እንዳትገኚ ያላት ቦታ ገብቶ ሲፈልጋት ቀረ። ቀይ መስመር ያለበትን ሳንቃ ዋሻው ውስጥ አገኙት፣ እሱን ግን ባሕሩ ቆይቶ ነው የመለሰው።

ከጀልባው ስትወርድ እኔን አየችና «ስታማቲስ ተቆጣኝ አይደል?» አለች፣ በዚያ በተሰባበረ ንግግሯ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ጠላኋት። በሕይወት መቆሟን ጠላሁት። ካሊዮፒ ግን ሄዳ የራሷን ሻርፕ አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት፣ ከዚያ ነገረቻት።

ሊስቤት እስከ አርባው አልሄደችም። የንፍሮውን ስንዴ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ለቀመች፤ ከሁላችንም ቀስ ብላ፣ ፍሬ በፍሬ። እኔም ጥላቻዬ በዚያ ስንዴ መሃል ጠፋኝ።

በፋሲካ ማግስት የስታማቲስ የእህቱ ልጅ ፓንዴሊስ ጀልባ ገዝቶ ወደ ፍየል ደሴት ሰው ማድረስ ሊጀምር ሆነ። እንግዶቹ ተሳፈሩ። ካሊዮፒ ጥቁሯን ለብሳ ወረደችና ወደቡ ጫፍ ላይ ቆመች። ጣቷን አነሳች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባን አሮጊቶቹ አማተቡ።

«ካሊዮፒ፣ ተይ፣ ባሕሩ ይሰማል» አልኳት ክንዷን ይዤ።

«ይስማ» አለች።

ሰው በሚቆጠርበት አገር እንኳ መሪ የያዘ ሰው ከተሳፋሪ አይቆጠርም። እሷ ግን እንግዶቹን አልፋ ጣቷን ፓንዴሊስ ላይ ቀሰረችና ጮክ ብላ «አንድ» አለች። ማታ ሲመለሱም እዚያው ቆማ ነበር፣ ያኔም ከሱ ጀመረች።