ካውያው እስኪግል

ልጅ ሳለሁ፣ መቱ በገባን በመጀመሪያው ዓመት፣ የማወራው ሰው አልነበረኝም። እናቴ ነርስ ነበረችና ወደዚያ ተዛውራ ነው ከደብረ ብርሃን የሄድነው። የተከራየናት ክፍል ከገበያው በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ነበረች። ግቢው በልጆች የተሞላ ነበር፤ ግን ጨዋታቸውም ጠባቸውም በኦሮምኛ ነው። እኔ የማውቀው «ኮቱ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ «ነይ» ማለት ነው። «ኮቱ» ሲሉኝ እሄዳለሁ። ከሄድኩ በኋላ የሚሉኝን ስለማልሰማ ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ። ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነበር፤ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ የመምህሯን ከንፈር ሳይ እውልና ደብተሬን እንደያዝኩ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ዝናቡ ደግሞ የኢሉባቦር ዝናብ ነው፤ መስከረም ጠባ ብሎ አይተው፣ መስቀል አለፈ ብሎ አይተው።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መቱ ከመሄዳችን በፊት በአንዱ ቀን አክስቴ መጥታ ወሰደችኝና እሷ ጋ ከረምኩ። ስመለስ እናቴ ጠጉሯን ተቆርጣ አገኘኋት። «ምነው?» ስላት «ሙቀት ነው» አለችኝ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ሙቀት! «አባዬስ?» ስላት «ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል፤ ይመጣል» አለች። ከዚያ ወዲህ በጠየቅኋት ቁጥር መልሷ ይኸው ነበር፤ ይህን ስትል ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ትጀምራለች፤ ሽንኩርት ትልጣለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ የጫማዬን ማሰሪያ ትፈታለች። ያኔ ሰው ሲሞት ለልጅ እንደማይነገር አላውቅም ነበር። ግን አንድ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር። ልጅ ያውቃል፤ ማወቁን ነው የማያውቀው።

እናቴ ከቀትር በኋላ ተረኛ በምትሆንባቸው ሳምንታት እኔን የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ፣ ከግቢያችን ፊት ለፊት ለነበሩት ልብስ ሰፊ፣ ለጋሼ ደገፋ፣ አደራ ትሰጠኝ ጀመር። ጋሼ ደገፋ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ፤ የመነጽራቸው አንዱ ክንድ ተሰብሮ በክር የታሰረ ነው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጃቸው አግብታ ጎሬ ነው የምትኖረው። ሱቃቸው ከአንድ ስፌት መኪና፣ ከአንድ አግዳሚ ወንበርና ከቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር በቀር ሌላ ነገር ለማስገባት የማትበቃ ነበረች። የመጀመሪያው ቀን ጨርቁ ክምር ላይ አስቀመጡኝና በኦሮምኛ ስሜን ጠየቁኝ። ስላልገባኝ ቁርጥራጩን ማገላበጥ ጀመርኩ።

«ስምሽን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ሰላማዊት።»

«እንግዲህ ሰላማዊት፣ እኔ ስሰፋ ማውራት እወዳለሁ። አንቺ ደግሞ ዝም ማለት የምትወጂ ትመስያለሽ። እንስማማለን።»

ተስማማን። መብራት አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋ ስለነበር የሚተኩሱት በከሰል ካውያ ነበር። ሊመሻሽ ሲል ከሰሉን በረንዳው ላይ ያቀጣጥሉና ፍሙን በመቆንጠጫ እያነሱ ካውያው ሆድ ውስጥ ይጨምሩታል። ፋኖሱን ምስማሩ ላይ ይሰቅላሉ። ካውያው እስኪግል ሥራ የለም፤ የተረት ሰዓት ያ ነበር። የከሰሉ ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ በካውያው ጎንና ጎን ባሉት ቀዳዳዎች ፍሙ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ እሳቸው ጉልበታቸውን አቅፈው «ዱሪ ዱሪ» ይላሉ። በድሮ ጊዜ፣ ማለት ነው።

ተረታቸው ከሁለቱም ቋንቋ የተሰፋ ነበር። በአማርኛ ጀምረው እንስሳቱ መነጋገር ሲጀምሩ ወደ ኦሮምኛ ይገባሉ፤ ግራ የገባኝ ሲመስላቸው ይመለሱልኛል። ትንሽ ሄደው ደግሞ ቀጥ ይላሉ። እኔ «ኤርገሲ?» ካላልኩ አይቀጥሉም። «ከዚያስ?» ማለት ነው። በዚያች ከተማ ተናግሬው መልስ ያገኘሁበት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው። ቀን ሙሉ አንድም ሰው ሳያነጋግረኝ ውዬ ማታ «ኤርገሲ?» ስል አንድ ሽማግሌ ለኔ ብለው ጅብ ያስነሣሉ፣ ወንዝ ያስሞላሉ።

አንድ ቀን ዛፍ መውጣት ስለፈለገው ጅብ ነገሩኝ። ጅቡ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ከላይ የጉሬዛዎቹን ጫጫታ ሲሰማ ያመሻል። «አስተምሩኝ» ይላቸዋል። ጉሬዛዎቹ «መጀመሪያ ጥርስህን አውልቀህ ወርውርልን» ይሉታል። ጅቡ ብዙ ያስባል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ጥርሱን አውልቆ ይወረውራል፤ እነሱ ሲስቁ ሌላውን ይወረውራል። በማግስቱ ጋሼ ደገፋ «እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ግን የኔ እንዲያምር ብዬ የወርቅ መሰላል ጨመርኩበት፣ ለጉሬዛዎቹም ዘውድ ጫንኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው በምራቅ ባራሱት ጣታቸው ካውያውን ነካ አድርገው ሞከሩትና፣

«ጅቡ ወደ ላይ የሚያየው ምን ፈልጎ ነው?» አሉኝ።

«ሊበላቸው።»

«እሱማ ሁሉም ጅብ ነው። የኛስ ጅብ?»

አሰብኩ። ከዛፉ ሥር ሆኖ ሲሰማ ታየኝ። «ጨዋታቸው ውስጥ መግባት ፈልጎ» አልኩ።

«እንዲያ ከሆነ» አሉ ሱሪውን እያጠፉ፣ «የወርቁ መሰላል ምን ያደርግለታል?»

ያን ጊዜ ነገሩ የገባኝ አልመሰለኝም። ግን ከዚያ በኋላ ሰው ሳይ ሁሉ፣ ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ይሆን ማለት ጀመርኩ፤ ሥጋ ቤቱ በር ላይ የሚቆመው ወፈፌ፣ መምህሯ፣ ሽንኩርት የምትልጠው እናቴ።

የማልረሳው ምሽት የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላቋረጠም፤ የሚያልፍ ሰውም አልነበረ። ጋሼ ደገፋ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ጠፍቷል። ነገ የሚያስረክቡትን የተማሪ ዩኒፎርም ጭናቸው ላይ አድርገው «ዛሬ እኔ አልችልም፤ አዲስ ተረት ካንቺ» አሉ።

«አንድ ሾፌር ነበር» አልኩ። አስቤ አልነበረም። «ጨው ጭኖ ሲሄድ ድልድዩ ተሰበረና ከወንዙ ማዶ ቀረ።»

«ኤርገሲ?»

«ማር ቆራጮች አገኙት። ማር አበሉት። ቀፎው የተሰቀለበት ዛፍ ላይ አስተኙት።»

«ኤርገሲ?»

«መሄድ አለብኝ አላቸው። እንጨት ቆረጠ። ድልድይ ሠራ፤ ብቻውን። መኪናውን አስነሥቶ ተሻገረ።»

መርፌያቸው ቆመ። «ልጅ አለችው?» አሉ ቀስ ብለው። ስለ ልጅ አንድም ነገር አላነሣሁም ነበር።

«አለችው።»

«ኤርገሲ?»

«ቤቱ ደረሰ። አንኳኳ። ልጅቷ ከፈተችለት።»

«ምን አላት?»

አፌን ከፈትኩ። አባቴ ከመንገድ ሲመጣ በሩ ላይ ሆኖ የሚለኝ አንዲት ነገር ነበረች፤ እንደነበረች አውቃለሁ። የልብሱ የናፍጣ ሽታ መጣልኝ። በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚያመጣው ብርቱካን መጣልኝ። እጁ አናቴ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ መጣልኝ። ድምፁ ግን አልመጣም። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ የሚሰማኝ የጋሼ ደገፋ የተዘጋ ጉሮሮ ነበር። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ልጅቷም ትጠብቃለች፣ እኔ የምሰጣቸው ቃል የለኝም።

«አላውቅም» አልኩ። ከዚያ፣ ማን እንዳናገረኝ እንጃ፣ «አይመጣም እኮ» አልኩ።

ጋሼ ደገፋ መነጽራቸውን አወለቁ። አይዞሽ አላሉኝም፤ ይመጣልም አላሉኝም። ዩኒፎርሙን ከጭናቸው አንሥተው ወደ ጎን አስቀመጡና ካፖርታቸው ውስጥ አስገቡኝ። ካፖርቱ ከሰልና እርጥብ ሱፍ ይሸት ነበር። «ተረቱ እዚህ ላይ ይደር» አሉ። እናቴ ጃንጥላዋን እያራገፈች እስክትገባ ድረስ እዚያው ካፖርቱ ውስጥ ቆየሁ፤ ካውያው ሳይሠራበት በረደ።

ቤት ገብተን እናቴ ኩራዙን አብርታ ወደ ምድጃው ልታጎነብስ ስትል ሁለቱንም እጇን ያዝኩት። እጇ ሥራ እንዳያገኝ ብዬ ነው።

«እማ፣ አባዬ ሞቷል አይደል?»

«ማነው የነገረሽ?»

«ማንም።»

እጇን ልታስለቅቀኝ ትንሽ ሞከረች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «አክስትሽ ጋ በነበርሽ ጊዜ ነው» አለች፤ «መንገድ ላይ። ልጄ፣ መንገድ ላይ ነው።» አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ያን ቀን ነው የሰማኋት። አብረን አለቀስን። ከዚያ ምሽት በፊት አንድ ክፍል ውስጥ እየኖርን፣ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን፣ ለየብቻችን ነበርን።

ጠዋት ተከትያት ወጣሁ። ጋሼ ደገፋ የሱቁን ሳንቃ እያነሡ ነበር።

«ምን ብለው ነው የነገሯት?» አለቻቸው። ፊቷ አብጧል፤ የተናደደችም ትመስል ነበር።

«ምንም አልነገርኳትም፣ ሲስተር። እሷ ናት የነገረችኝ።»

ጋሼ ደገፋ ያነሡትን ሳንቃ መልሰው ገጠሙት። ከዚያ በየበሩ እየዞሩ በኦሮምኛ ሲናገሩ ሰማኋቸው። ብዙም ሳይቆይ የግቢው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ በአንድ ገቡ። እናቴ ባሏ የሞተባት መሆኗን እዚያ አገር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለሰው ከነገረች እኔ ጋ ይደርሳል ብላ ደብቃ ኖራለች። አሁን ግን ክፍላችን ሞላ፤ የተረፈው በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ግማሹ የማይገባኝን ቃል እያሉ ትከሻዋን ያቅፉ ነበር። ልጆቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው አዩኝ። ከመካከላቸው ጫልቱ የምትባለው ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ኮቱ» አላለችኝም፤ ራሷ መጣች። ኦሮምኛ የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ግማሹን ከሷ፣ ግማሹን ከሱቁ።

ያንን የሾፌር ተረት ጋሼ ደገፋ ዳግመኛ አላነሡብኝም። እኔም አልጨረስኩትም። ሌሎች ተረቶች ግን ለዓመታት ነገሩኝ፣ ነገርኳቸው። ቆይቶ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በየሱቁ ተሰቀለ፤ ዓይናቸውም መርፌ ማስገባት ተሳነው፤ ልጃቸው መጥታ ወደ ጎሬ ወሰደቻቸው። እኔ አዲስ አበባ ለትምህርት በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት እናቴ ስልክ ደውላ ሌላ ሌላውን ሁሉ ካወራችኝ በኋላ «ጋሼ ደገፋ አረፉ እኮ» አለች። ከተቀበሩ ሰንብተዋል። ስልኩን ዘግቼ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ከኋላዬ ያለው ሰው «ተራሽ ነው» እስኪለኝ አልተንቀሳቀስኩም።

ዛሬ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። እንዴት እንደተማርኩት የሚጠይቁኝ አሉ፤ ስለ ዩኒቨርሲቲው ነግሬያቸው አልፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራው ከጠበቅሁት በላይ ብቸኛ ነው። ወረቀት ሲሰለቸው አያዛጋም። ሲገርመው ሥራውን አስቀምጦ ቀና አይልም። የምጽፈው ሰው ምን እንደሚፈልግ አውቄ፣ በሩ ድረስ አምጥቼው፣ የሚናገረው ቃል ሲጠፋብኝ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ከራሴ በቀር የምጠይቀው የለም። የመቱን ተረቶች ደግሞ አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ልጽፋቸው ስቀመጥ የሚመጡልኝ ቁርጥራጭ ናቸው።

ባለፈው ክረምት እናቴ ጋ ሰነበትኩ። ጡረታ ወጥታ አሁንም እዚያው መቱ ናት። ባጃጆቹ በጊዜ ይገቡና ቁልቁለቱ ዝም ይላል። አንድ ምሽት እራት በልተን እንደተቀመጥን፣ ምንም ሳልጠይቃት፣ «አባትሽ እኮ ጣቱን አስሮ ነው የመጣው» አለች።

እሷ ገና አዲስ ተመራቂ ሆና ጤና ጣቢያ ስትሠራ፣ አንድ ሾፌር ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወረፋ ይዞ ጠበቃት። ስትፈታው ቁስል የለም። «የቱ ጋ ነው?» አለችው። «ወደ ውስጥ ነው» አላት። ተቆጥታ አባረረችው። በሳምንቱ ሌላ ጣቱን አስሮ መጣ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቅ ነበር፤ በአባቴ ነገር ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ስለ ሠርጋቸው ልብስ፣ ስለ መኪናው ጥሩንባ፣ እኔ ስወለድ አባቴ ሰክሮ ስለሳመው ዘበኛ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የት አስቀምጣው እንደነበር እንጃ። ምናልባት የሚሰማ ሰው እስኪመጣ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጸሐፊ ሆኜ ስመላለስ አንድም ቀን እናቴን ተቀምጬ አልሰማኋትም ነበር።

ሲደክማት ተኛች። እኔ ግን የታሰረ ጣቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሽተኞች መካከል ወረፋ የሚጠብቅ ወጣት በዓይኔ እየመጣ እንቅልፍ ነሣኝ። በሞቱ ብቻ ሳውቀው የኖርኩት ሰው፣ ያን ምሽት ከኔ በዕድሜ ያነሰ ጎረምሳ ሆኖ እናቴን ሲያስቃት አየሁት።