ተሸክሞት ይሂዳ!

ደርግ በወደቀ ማግስት፣ የሲቀላ ሙቀትና ወባ ቢያንገሸግሸኝ፣ ደጋ ወጥቼ ዶርዜ ላይ አንድ የቆርቆሮ ቤት ገዛሁ። ግቢው ውስጥ ትልቅ የቀርከሃ ቤት ነበር፤ አንድ ሸማኔ ከአራስ ሚስቱ ጋር ይኖርበታል። "ተከራይ ነው፣ ስትነግሪው ይወጣል" አለኝ ሻጩ። እኔ ሞኟ አመንኩት።

ለሸማኔው ብነግረው፣ "እትዬ፣ እኔ የተከራየሁት ቦታውን ነው። ቤቱ የራሴ ነው፤ አባቴ ነው የሠራው" አለኝ። ሻጩን ባፈላልገው፣ አጅሬ ጠቅልሎ ሩቅ አገር፣ ካምባ ገብቷል። ደሜ ፈላ! እኔ እኮ ያንን ቤት አፍርሼ ሱቅ ልሠራበት ነበር።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ሣር ላይ ተቀምጠው፣ የእሱንም የእኔንም ቃል ሳያቋርጡ ሲሰሙ ዋሉ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና፣ "ቤቱ የእሱ ከሆነ ተሸክሞት ይሂዳ!" ብዬ ጮህኩ። በሰውዬው መሳለቄ ነበር። እነሱ ግን አልሳቁም። እርስ በርስ በጋሞኛ ተነጋገሩና ትልቁ ሽማግሌ፣ "ደግ ተናገርሽ፣ ልጄ። ቅዳሜ ይሸከመዋል" አሉኝ። ያሾፉብኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በሬን ስከፍት ሰፈሩ በሙሉ ግቢዬ ውስጥ ነው። የቤቱን ግርጌ ከመሬት አላቀቁ፤ ረጃጅም እንጨት ከውስጥ አሻግረው አሰሩ። ሚስቲቱ ልጇን ታቅፋ፣ የምድጃዋን ፍም በገል ይዛ ወጣች። አንዱ ጮኸ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት፤ ቤቱ ተነሣ።

እግዚኦ! ከእኔ ጣሪያ በላይ የሚታየው ያ ቤት፣ እንደቆመ፣ ከሥሩ የሰው እግር ብቻ እየታየ ሄደ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ቤት ጌጥ ሲሆን አይቼ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያኑም የጸሎት ቤቱም ሰው አንድ እንጨት ሥር ገብቷል። የግቢው በር ቢጠባቸው አጥሬን በገዛ እጄ ነቅዬ አሳለፍኳቸው። እንኳን ልቆጣ፣ "በርቱ! በርቱ!" እያልኩ ከኋላቸው እሮጥ ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ በሸማኔው ወንድም የእንሰት ጓሮ ውስጥ አስቀመጡት። ወዲያው ጭስ ከአናቱ ወጣ።

ወደ ግቢዬ ተመለስኩ። የቀረልኝ ክብ ባዶ መሬትና መሀሉ ላይ ገና ያልበረደ አመድ ነው። ዞር ብዬ የቆርቆሮ ቤቴን አየሁት። ይሄንንስ ማን ያነሣልኛል? ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል "የእኔ" የምለው አንድም አልነበረኝም። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

እንዲሁ እንደቆምኩ ሸማኔው ሰዎቹን አስከትሎ ተመለሰ። መጥረቢያና ቀርከሃ ይዘዋል። እኔ የነቀልኩትን አጥር መልሰው ማጠር ጀመሩ።

"ኧረ ተዉ፣ ደክማችኋል! ሰው ቀጥሬ አሳጥራለሁ" አልኩ።

ሸማኔው ቀና ብሎ አየኝ። "እትዬ፣ ትናንት ተከራይ ነበርኩ። ዛሬ ጎረቤትዎ ነኝ" አለና ሥራውን ቀጠለ።