በአጥሩ ሥር ያለው ቀዳዳ

እናቴና ሲስተር በአንድ ቀዳዳ የተነሳ ብዙ ክረምት ሲዋጉ ኖሩ፤ ክፉ ቃል ግን አንድም ቀን አልተነጋገሩም። ሲስተር የምንላት ነርስ ስለሆነች ነው። ጎረቤታችን ናት፤ ቀዳዳውም በእሷና በእኛ መካከል ባለው የብሎኬት አጥር ሥር ወደ እኛ ግቢ የተከፈተ የውሃ መውጫ ነው። ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «አካም ቡልተን፣ ሃርሜ?» ትላለች፤ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ እናቴ ማለቷ ነው። እናቴም «ናጋ፣ ናጋ፣ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን! ልጆቹ ደኅና አደሩ?» ትላለች። ሲስተር ወደ ሥራ ስትወጣ እናቴ በማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልታ ቀዳዳውን ትደፍናለች። ሲስተር ከሥራ ስትመለስ ደግሞ በብረት ወግታ ትከፍተዋለች። በማግስቱ እንደገና «አካም ቡልተን፣ ሃርሜ?»

አባቴ ቦታውን ሲመራ መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም ነበር። ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወጣው መንገድ በኩል፣ ከተማው የሚያልቅበት የሣር መስክ ነበር። ከላይ ከደጋው የሚመጣው ዝናብ በመስኩ ላይ ተዘርግቶ ቀስ እያለ ወደ ሁሉቃ ወንዝ ይወርዳል፤ ጎርፍ ነው ብሎ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሣሩ ረጥቦ ይሰነብታል፣ ከመስከረም በኋላ ይደርቃል፣ በቃ። አባቴ የጭቃ ቤቱን ከመሬት ብዙም ሳያስነሳ ሠራው። ወደ ቤት ለመግባት ደረጃ መውጣት የትልልቅ ሰዎች ነገር ነው ይል ነበር። እሱ ሲሞት ለእናቴ የቀረላት ያ ቤት ብቻ ነው፤ እሷም ከዚያ ቤት ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበራትም።

ከዚያ ከተማው መጣብን። ሌላ ምን ልበለው? እኛ ወደ ከተማ አልሄድንም፤ እሱ ነው የመጣው። የአምቦ ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ተማሪና አስተማሪ የሚከራየው ክፍል ፈለገ፤ ክፍል የሚሠራውም ሰው መስኩን ተሻማው። ገልባጭ መኪና ቀኑን ሙሉ ገረጋንቲ ሲያራግፍ ይውላል። እዚህ ላይ የሰፈራችን ሰው ብልጠት መጣ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ የጎረቤቱን ወለል በዓይኑ ይለካል፤ ከዚያ ግንበኛውን «ከዚህኛው ትንሽ ከፍ አድርገው» ይለዋል። ግቢውን በገረጋንቲ ይሞላል፣ መሠረቱን ያወጣል፣ ውሃው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ከእሱ ከፍ ያደርጋል። ቦይ የቆፈረ ሰው አላየሁም። ሁሉም ሽቅብ ነው። እንዲህ እያለ፣ መጀመሪያ የተሠራው ቤት፣ ማለትም የእኛ፣ የሰፈሩ ጉድጓድ ሆነ።

መንገዱም ያው ነበር። ቦታውን ስንመራ ሰፊ ነው ተባለ፤ ሰው ግን አጥሩን ባጠረ ቁጥር ትንሽ እየገፋ፣ ትንሽ እየገፋ፣ በመጨረሻ ሁለት ሰው ጃንጥላ ይዞ የማይተላለፍበት ጭቃ ቀረ። እናቴ አቤት ለማለት ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነበር። የተቀበለን ልጅ ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጣት፤ ካርታውን ዘርግቶም «እማማ፣ በፕላኑ ላይኮ ቦይ አለ፣ ይኸውና» ብሎ በጣቱ አሳያት። እናቴም አጎንብሳ አየችው። ሰማያዊ መስመር ነው፤ በቤታችን ጀርባ ያልፋል። ስንወጣ «ቆንጆ ቦይ ነው» አለችኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ክረምት ሲገባ ውሃው ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ ምን ነበር! ከላይ ያሉት የኪራይ ክፍሎች የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላ፣ ዝናቡ ያንን ይዞ፣ ፌስታሉን ይዞ፣ የሞተ አይጥ ይዞ ይገባል። እናቴ አልጋዋን በብሎኬት ላይ አስቀምጣ ትተኛ ነበር። ውሃው ሲወርድ በግድግዳው ላይ የሚቀረውን ቡናማ መስመር ቶሎ ብላ በኖራ ትቀባዋለች፤ እንግዳ እንዳያየው። ለብዙ ዓመት የዚያ ቤት ሽታ ከልብሴ አልለቀቀኝም፤ ጉደር ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ይዤው እሄድ ነበር።

ሲስተር ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ክፉ አይደለችም። እሷ ጴንጤ ናት፣ እናቴ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ፤ አንድም ቀን በሃይማኖት ተነጋግረው አያውቁም። እናቴ ስትጾም ሲስተር የጾም ወጥ ለይታ ታመጣላታለች፤ ሲስተር ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ያረሰቻት እናቴ ናት። እኔ ጉደር ነኝ፤ ወንድሞቼ ከእኔም ይርቃሉ። የእናቴን ደም ግፊት የምትለካው፣ ኪኒኗን ዋጥሽ አልዋጥሽም ብላ የምትቆጣጠረው ሲስተር ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን አባባል እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ግን ተናድጄ «እንክሰሳት!» አልኩ። እናቴ ገላመጠችኝና «ማንን? እኔን የምታድነኝን?» አለችኝ።

ሲስተርም ምርጫ አልነበራትም። ቀዳዳው ከተደፈነ ከላይኛው ቤት የሚመጣው ውሃ በእሷ ግቢ ተኝቶ የልጆቿ ክፍል ይገባል። ከተከፈተ የእናቴ መኝታ ቤት ይገባል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ለዚህ ይመስለኛል ስለ ቀዳዳው ያልተነጋገሩት፤ ከተነጋገሩ አንዷ ለሌላዋ «አንቺ ስመጪ» ማለት ነበረባት። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ለአሸዋውና ለብረቱ ተዉት።

በኋላ ከሲስተር በላይ ያለው ቤት ፈርሶ ፎቅ ተጀመረ። ባለቤቱ የእድራችን ሽማግሌ ነው፤ የተከበረ ሰው ነው። ግቢውን ሞላው፣ አልፎም በሙሉ ሲሚንቶ አለበሰው፤ አንዲት ጠብታ የምትሰርግበት አፈር አልቀረም። የዚያ ክረምት ውሃ እንደ ድሮው አልነበረም። እናቴ በሐምሌ ግንበኛ ጠርታ ቀዳዳውን በድንጋይና በሲሚንቶ አስደፈነች። ጠዋት ሲስተር እርጥቡን ሲሚንቶ አየችው። «አካም ቡልተን» አለች፤ ሃርሜ የምትለዋን ተወቻት። እናቴ ቀኑን ሙሉ ያቺን ቃል ስትፈልጋት ዋለች።

ነሐሴ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። ዝናቡ ከምሳ በፊት ጀምሮ አላባራም። አጥሩን በመስኮት አየሁት፤ መሐሉ ወደ እኛ አብጧል። ምን እያየሁ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። እናቴ ከአጥሩ ሥር የተከመረው ማገዶዋ እንዳይረጥብ ልታነሳ ወጣች። ጠራኋት። «አንድ እቅፍ ብቻ» አለች። ድምፁ እንደ መብረቅ አልነበረም፤ ቁና እህል ሲገለበጥ ያለው ዓይነት ነው። ከዚያ ውሃው መጣ፣ ብሎኬቱም በውሃው ውስጥ።

ከእኔ ቀድማ የደረሰችው ሲስተር ናት፤ በፈረሰው አጥር ላይ በባዶ እግሯ ተሻግራ። እናቴ ከወገቧ በታች ብሎኬት ውስጥ ናት። ፊቷን ከውሃው በላይ ቀና አድርጌ ያዝኩላት። እናቴ እኔን አላየችኝም፤ ሲስተርን እያየች «ቀዳዳውን ያስደፈንኩት እኔ ነኝ» አለቻት።

«አውቃለሁ፣ ሃርሜ። እግርዎን አያንቀሳቅሱ።»

ብሎኬቱን አንስተን አወጣናት፤ ሲስተር የእናቴን እግር በማገዶ እንጨትና በሻሿ አሰረችው። ለባጃጅ ተደወለ፤ ሾፌሩ ጭቃውን ፈርቶ አስፋልቱ ላይ እጠብቃለሁ አለ። ስለዚህ ጎረምሶቹ የእድሩን ቃሬዛ አመጡ። ሌላ ምን አለ? የእድር ቃሬዛ ደግሞ በሰፈራችን ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚወጣው። በየበሩ ያሉ ሴቶች ቃሬዛውን ሲያዩ እየጮኹ ወጡ፤ አንዷ ደረቷን እየመታች የእናቴን ደግነት መዘርዘር ጀመረች። እናቴ ከነጠላው ሥር እጇን አውጥታ «አለሁ! አለሁ!» ትላለች። ማንም አልሰማትም። አስፋልት እስክንደርስ ድረስ ተለቅሶላታል።

እግሯ ተጠገነ፤ ጉልበቷ ግን መታጠፍ እምቢ አለ። ከሆስፒታል ስትወጣ የእድሩ ሽማግሌዎች እናስታርቅ ብለው በሲስተር ሳሎን ተቀመጡ፤ በሰፈሩ ደረቅ ወለል ያለው እዚያ ነበር። ትልቁ፣ ባለ ፎቁ፣ «ማሎ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር እንዴት ለእኛ አይነገርም?» ብሎ ጀመረ። ማሎ በኦሮምኛ እባካችሁ ማለት ነው። «ቀዳዳውን ማን ከፈተው?»

«እኔ» አለች ሲስተር።

«ማን ደፈነው?»

«እኔ» አለች እናቴ።

«ታዲያ ውሃው በየት ይሂድ?»

እኔ መታገስ አልቻልኩም፤ «በእርስዎ ግቢ በኩል ቢሄድስ?» አልኩ። ሽማግሌው ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። እናቴ በክርኗ ነካችኝ። ከዚያ ተመረቀ፤ ሁለቱ ይሳሳሙ ተባለ፤ ተሳሳሙ። ያልተጣሉ ሰዎችን አስታርቀው ሄዱ። አጥሩ ተመልሶ ተሠራ፤ ቀዳዳውም ተከፍቶ ይቅር ተባለ።

መሸሽ የማትችል ሴት ውሃ በሚገባበት ቤት ማስቀመጥ አልቻልኩም። እናቴን ጉደር፣ እኔ ዘንድ አመጣኋት። ቤቱ ተሸጠ። ዕቃ የጫንን ቀን ሲስተር የደም ግፊት መለኪያውን ይዛ መጣች፤ እንዴት እንደሚለካ እያሳየችኝ መሐል ላይ አቆመችና አለቀሰች። እናቴ አላለቀሰችም። እንደ እንግዳ፣ እቃው ሲያልፍ እግሯን ሰብሰብ ልታደርግ እየሞከረች ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

ገዢው ከእንጭኒ የመጣ ነጋዴ ነው። የጭቃ ቤቱን በአንድ ሳምንት አፈረሰ። ከዚያ ገልባጩ መጣ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የዚያ ዓመቱ ጉድ በሐምሌ ነው የደረሰኝ። ለጉዳይ አምቦ ሄጄ በሰፈሩ ሳልፍ የእኛ ግቢ ከሲስተር ግቢ በላይ ሆኖ አገኘሁት። ቀዳዳው ከገረጋንቲው ሥር ተቀብሯል። ሲስተር ቦት ጫማ አድርጋ ከልጆቿ ክፍል በመጥረጊያ ውሃ ትገፋለች፤ አልጋው በብሎኬት ላይ ቆሟል። አየችኝና ቀና አለች። «ለእማማ እንዳትነግሪያት» አለችኝ።

ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አውቃለሁ፤ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እሷንም ደስ ይላታል ብዬ ነው። እናቴ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፣ ነጠላዋን ከተሰቀለበት አወረደች፣ ወደ አምቦ የሚሄድ ሚኒባስ አሁን ይገኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ሚኒባሱማ አለ» አልኳት። «ከአስፋልቱ ወዲያ ግን በክረምት ባጃጅ አይገባም። በዚህ እግርሽ በምን ትደርሻለሽ?»

በሩ ላይ ቆማ አሰበች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እስኪመሽም እንደዚያው ነበረች።