ያለ እሷ ድምፅ የወጣ ዘፈን

ዘፈኑን የጀመርነው ሁለት ሆነን ነው። እኔ ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የኮንቴይነር ሰነድ እሞላለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ አዳማ ውስጥ አንድ ጸጉር ቤት ሹሩባ ትሠራ ነበር። እዚያው አዳማ አንድ ክፍል ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ከሥራ ስመለስ አብዛኛውን ጊዜ እሷ ቀድማኝ ትገባለች። የግቢውን በር ገፋ ሳደርግ ከውስጥ ሆና "መጣሽ ወይ?" ትላለች፣ እኔም "መጣሁ" እላለሁ። የዘፈኑ አዝማች ከዚህ ነው የተወሰደው። አንዷ "መጣሽ ወይ?" ብላ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ "መንገድ ላይ ነኝ፣ በሩን አትዝጊው" ብላ ትመልሳለች።

ድምፅ የነበራት እሷ ናት። ጸጉር እየሠራች ስታንጎራጉር ደንበኞቿ እጇ ላይ ያንቀላፋሉ። የእኔ ድምፅ ቀጭን ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ የመዝሙር አስተማሪያችን "አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ" ብሎኝ ያውቃል። እኔም ከዚያ ወዲህ ለሰው ዘፍኜ አላውቅም። ያገለገለ ላፕቶፕና አንዲት ትንሽ ኪቦርድ ካገኘሁ በኋላ ግን ምት መሥራት ከቪዲዮ እያየሁ ተማርኩ። የምሠራው ነገር ኤሌክትሮፖፕ እንደሚባል እንኳ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። የማረከኝ የድምፁ ንጽሕና ነበር። ማሲንቆም ጊታርም አይመስልም፣ የማንም እጅ ያልነካው ድምፅ ነው። ቀኑን ሙሉ የመኪና ጩኸትና አቧራ ውስጥ ለሚውል ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ነው።

ያቀናበረልን ሰው በሠርግ ሙዚቃ የሚተዳደር የአዳማ ልጅ ነው። ስቱዲዮው ከቤቱ ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ በስፖንጅና በአሮጌ ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ችግሩ ከአጥሩ ማዶ ብየዳ ቤት መኖሩ ነው። ስለዚህ ድምፅ የምንቀዳው በያጆቹ ምሳ ሲወጡ ወይም እሑድ ከሰዓት ነበር። ቬንትሌተሩም ስለሚጮህ ይጠፋል። የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ያቺ ክፍል እንዴት እንደነበረች መገመት ይችላል።

መጀመሪያ የሄድን ቀን "አካም ጅርቱ! እስቲ አሰሙኝ" አለን። ከላፕቶፔ ላይ ሰምቶ ሲጨርስ አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

"ይሄ ለጭፈራ ነው ለለቅሶ?"

"ለሁለቱም" አለች ጓደኛዬ።

"ቶሌ" አለና ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋ። ሰውዬው እሺ የሚለው ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው።

እሷ ጫማዋን አውልቃ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ላቡ በጆሮዋ ሥር እየወረደ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሁለተኛው ሙከራ ጨረሰችው። እኔ በሩ ሥር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር። "መንገድ ላይ ነኝ" የምትለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችው፣ ያንን ደግሞ ማንም አላዘዛትም። አቀናባሪው ዞሮ እኔን አየኝና "ከየት ነው ያመጣሻት?" አለኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። እኔ የሠራሁት ቤት ውስጥ እሷ ገብታ የኖረች ያህል ነበር።

ጸሎት ቤት መሄድ የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። አንዲት ደንበኛዋ ናት የወሰደቻት። መጀመሪያ ረቡዕ ረቡዕ ብቻ ነበር፣ በኋላ እሑድም ተጨመረ። እኔ ብዙም ልብ አላልኩትም። ሰው ልቡ ወደ ሄደበት ይሄዳል፣ በዚያ ላይ ማታ አብረን እራት እንበላለን። አንድ እሑድ ከዚያ ስትመለስ ግን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝም?"

"ንገሪኝ።"

"ድምፄን አውጪልኝ።"

"ከምኑ?"

"ከዘፈኑ። ጌታን ተቀብያለሁ። ዓለማዊ ዘፈን ላይ ድምፄ እንዲኖር አልፈልግም።"

"አልቋል እኮ" አልኳት። "ደግሞ ምን ክፉ ነገር አለው? የሚያወራው ወደ ቤት ስለመምጣት ነው።"

"ክፉ ነው አላልኩም" አለች በቀስታ። "ከእንግዲህ የእኔ አይደለም ነው ያልኩሽ።"

ተቀየምኳት። ለቀናት የምናወራው ስለ ውኃና ስለ መብራት ብቻ ሆነ። ቁጣዬ ስለ ዘፈኑ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሌላ ነገር ነው። እሷ ደስ ብሏት ነበር። ጠዋት ስትነሳ ፊቷ ያበራል፣ ልብስ ስታጥብ ትዘምራለች፣ ጓደኞች አፍርታለች፣ ስልኳ አያርፍም። በአራት ዓመት ውስጥ እኔ የሌለሁበት ደስታ ሲኖራት ያ የመጀመሪያው ነው። እኔ ደግሞ ከእሷ ሌላ ሰው ማፍራት እንዳለብኝ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቻዬን ስቱዲዮ ሄድኩ። አቀናባሪው ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ያለሷ ምን ይቀራል?"

"እኔ እሞክራለሁ።"

"አንቺ?" አለና በመገረሙ ደግሞ አፈረ። "ቶሌ። የእሷን ግን አላጠፋውም፣ ጥግ ላይ አስቀምጥልሻለሁ። ማንም አያውቅም። ምናልባት ሐሳቧን ብትቀይር።"

ብዙ አሰብኩ። እሷ ፈጽሞ ልታውቅ አትችልም። ካስቀመጠው ግን ቅጂውን ተቀብዬ በየቀኑ እንደምከፍተው አውቅ ነበር፤ አንድ ቤት ውስጥ አብራኝ ካለች ሰው ተደብቄ ድምፅዋን ስሰማ ታየኝ።

"አጥፋው" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አጥፋው ስልህ!"

ማውሱን ሁለቴ ጠቅ አደረገና ስክሪኑ ላይ የነበረው አረንጓዴ መስመር ጠፋ። አንድ ደቂቃ እንኳ የፈጀ ነገር አልነበረም። ብየዳ ቤቱ እንደገና ሥራ ጀምሮ ስለነበር የዚያን ቀን ምንም ሳንቀዳ ተለያየን።

እሑድ ተመልሼ ማይክሮፎኑ ፊት ቆምኩ። የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች እኔ ራሴ ልሰማቸው አልቻልኩም። አቀናባሪው በትዕግሥት ደጋገመልኝ። በመጨረሻ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና "ለሰው አትዝፈኚ" አለኝ። "አፍሽን ማይኩ ላይ አስጠጊና ለራስሽ አጉረምርሚ። ሌላውን እኔ አበጃጀዋለሁ።" እንደዚያ ሳደርግ የሆነ ነገር ወጣ። ቀጭን ነው፣ ግን የእኔ ነው። ያስቸገረን መልሱ ነበር። "መጣሽ ወይ?" ብዬ ጠይቄ መልሼ ራሴ "መንገድ ላይ ነኝ" ስል ብቻዋን የምታወራ ሴት መሰልኩ። አቀናባሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። "ተይው፣ ክፍት ይሁን" አለ። መልሱ በነበረበት ቦታ አንድ ረዥም የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ የወጣው ዓርብ ቀን በሥራ ሰዓት ነው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ፎቶ ከሚኒባስ መስኮት በስልኬ ያነሳሁት ነው፣ መንገድና ሰማይ ብቻ ይታያል። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛዬ ሥር ስልኬን ይዤ የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀና ስል ከባንኮኒው ማዶ አንድ ሾፌር ቆሟል።

"እህቴ፣ ወረቀቴ አላለቀም?"

"አልቋል" አልኩና ሰጠሁት።

ለሰው መናገር ፈለግኩ። ሰው በደስታው ቀን መጀመሪያ የሚደውልለት አንድ ሰው ይኖረዋል፣ የእኔዋ ግን የማይደወልላት ሆነች። ከአጠገቤ ለምትሠራው ልጅ ማዳመጫውን ሰጠኋት። ጥቂት ሰምታ "ደስ ይላል" አለችና መለሰችልኝ፤ ለጉምሩክ የምታስገባው ዲክላራሲዮን ነበራት። ማታ ቤት ስገባ ጓደኛዬ ጸጉሯን እያበጠረች አገኘኋት። አልነገርኳትም። እሷም ምንም አልጠየቀችኝም።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ከመተሐራ ደወለች። ዕድሜዋን የገፋችው በስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች ሰፈር ነው፣ አሁንም የምትኖረው እዚያው ነው።

"የጎረቤት ልጅ በስልኳ አሰማችኝ" አለች። "ልጄ፣ ታመሻል?"

"አልታመምኩም እማዬ።"

"ድምፅሽ የታመመ ሰው ድምፅ ነው።"

"በኮምፒውተር ስለተሠራ ነው እንደዚያ የሚሆነው።"

"እሱስ ይሁን። ለምንድን ነው ግን የሚመልስልሽ ሰው የሌለው? መጣሽ ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ፣ ዝም ይላል። ደግመሽ ትጠይቂያለሽ፣ አሁንም ዝም። ያቺ ልጅ የለችም እንዴ?"

"አለች። ሰላም ነች።"

"እሺ፣ ሰላም በይልኝ" አለችና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ልብስ ማስጫው ሥር ቆሜ አለቀስኩ። አከራያችን አይታኝ ነበር፣ ግን እንዳላየች ሆና ባልዲዋን ይዛ ገባች። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ የሚወራለት አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ዘፈኑን የሰማው ሰው ቁጥር ከነትርፉ አንድ ሚኒባስ አይሞላም ነበር። በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ጨመረ። ከዱከም አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ "ሰርቪስ ውስጥ እየሰማሁት ነው የምሄደው። አጠገቤ ለምትቀመጠው ልጅ ባሰማት አልወደደችውም። እኔ ግን ወድጄዋለሁ።" ረዥም መልስ ጽፌ አጠፋሁት፣ እንደገና ጽፌ አጠፋሁት፣ በመጨረሻ "አመሰግናለሁ እህቴ" ብቻ ብዬ ላክሁ። ከዚያ ወዲያ አልጻፈችም። ግን ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ስቀመጥ፣ አሁን እዚያ ማዶ ያቺ ሴት ሰርቪሷ ውስጥ ተቀምጣለች እያልኩ አስባታለሁ።

ጓደኛዬ ለማግባት ስትወስን ባሏ የሚሆነው ሰው የሚሠራው ሻሸመኔ ስለነበር ቤቱን ለቀቀች። ዕቃዋን ልትወስድ ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ መጣች። ፍራሹን አጥፈን በገመድ አሰርነው። ድስቶቹን "ይሄ ያንቺ ነው፣ ይሄ የእኔ ነው" እየተባባልን ለየን፤ ያከራከረን አልነበረም፣ ሁለታችንም የምናስታውሰው የሌላዋን ነበርና። ሁሉ ነገር ሲያልቅ በሩ ላይ ቆማ እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች።

"ልስማው?" አለችኝ።

ማዳመጫውን ሰጠኋት። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኖቿን ጨፍና ሰማችው። ውጭ ባለባጃጁ ጥሩንባ ነፋ፣ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ የት ቦታ ላይ እንደደረሰች ከፊቷ አውቅ ነበር። ክፍቱ ቦታ ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ትንሽ ከተከፈተ በኋላ ተመልሶ ተዘጋ።

"ቤዙ በዝቷል" አለች ስትጨርስ።

"እኔም ነግሬው ነበር።"

ተሳሳቅን። ከዚያ እግሯን እያየች ጠየቀችኝ።

"የእኔን አጠፋሽው?"

"አጠፋሁት።"

"ሙሉ በሙሉ?"

"ሙሉ በሙሉ። ላስቀምጥ ቢለኝ እንኳ እምቢ አልኩት።"

ቀና ብላ አየችኝ። እፎይታ ይሁን ቁጭት ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር እስከ ዛሬ ለይቼ አላወቅኩትም። ምናልባት ሌላ መልስ ጠብቃ ነበር። ወይም አምናኝ ኖሮ፣ እምነቷ ትክክል መሆኑን መስማት ብቻ ይሆናል የፈለገችው። "አመሰግናለሁ" አለችኝና አቅፋኝ ወጣች። ባጃጁ ፍራሹን ጣሪያው ላይ ጭኖ በድንጋዩ መንገድ እየተንገጫገጨ ሄደ። አከራያችን "እሰይ፣ ለወግ ለማዕረግ በቃች" አለች ከበሩ ላይ ሆና። እኔም "አሜን" አልኩ።

ፍራሿ የነበረበትን ቦታ ጠረግኩት። የጸጉር ማስያዣዎች፣ አንድ የጆሮ ጌጥና ብዙ አቧራ ወጣ። የጆሮ ጌጡን በሰው ላኩላት፣ ደርሷታል። በሚቀጥለው ሳምንት ጠረጴዛዬንና ኪቦርዴን ወደዚያ ጥግ አዛወርኩ። ሶኬቱ እዚያ በኩል ስለሆነ ለሥራ ይመቻል።