እርጎ እየገፉ መዝፈን

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለአንድ የሠርግ ባንድ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ዘፋኛችን ባንዱን ትታ ስለሄደች ለቅዳሜው ሠርግ እኔው እየተጫወትኩ እንድዘፍን ተነገረኝ። አፌን ስከፍት ግን እጄ ይቆማል። ትናንት ልምምድ ላይ ወፍራሙን ክር ስመታው ልጅ ሆኜ ቡሬ ገጠር የሰማሁት ድምፅ መጣብኝ፤ አክስቴ እርጎ ሲገፉ ቅሉ ውስጥ ዱብ ዱብ የሚለው።

አክስቴ በወይራ የታጠነውን ቅል ጉልበታቸው ላይ እየወዘወዙ ይዘፍኑ ነበር። እኔ ስሞክር ግን ገና መዝፈን ስጀምር እጄ ቀጥ ይል ነበር።

«አንቺ፣ እርጎው ተኛ እኮ!» ይስቁብኛል።

«እትዬ፣ ስዘፍን እጄን እረሳዋለሁ።»

«እንግዲያ ብትረሺውም እጅሽ በራሱ እስኪሄድ ድረስ ግፊያ!»

ያኔ አልገባኝም ነበር።

ትናንት መዝፈኑን ትቼ ያንኑ ምት ደጋገምኩት። ጣቶቼ ራሳቸው መሄድ ሲጀምሩ ዓይኔን ጨፍኜ ዘፈንኩ። እጄ እስከ መጨረሻው አልቆመም። ወዲያው ለአክስቴ ደወልኩና ስልኩን አጠገቤ አስቀምጬ ደገምኩላቸው።

«ጊታር የምትይውን እንኳ አልሰማሁትም» አሉኝ። «አንቺን ግን ሰማሁሽ።»