ሁለተኛው ሚስማር

ቲሞር ውስጥ፣ በባውካው ከተማ ስታዲየም ያለው የውጤት ሰሌዳ የእንጨት ነው። በባለሜዳው በኩል አንድ ሚስማር፣ በእንግዳው በኩል አንድ ሚስማር አለው፤ በየሚስማሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ይንጠለጠላል። የሠራው አናጺው ሊቦሪዮ ነው፤ ጨዋታ ሲኖር መሰላል ላይ ወጥቶ ቁጥሩን የሚቀይረውም እሱ ራሱ ነው። ከዘጠኝ ጎል በላይ የሚቆጠርበት ቀን ይመጣል ብሎ አላሰበም። እሱ የሚወደው አንድ ለዜሮ የሚያልቀውን፣ ከወንበሩ አንዴ ብቻ የሚያስነሳውን ጨዋታ ነው።

የአካባቢው አገሮች የሴቶች እግር ኳስ ዋንጫ ከስምንት ቡድን ወደ አሥራ ሁለት ሲሰፋ ቲሞር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባች፤ አንዱ ምድብም ባውካው ላይ እንዲጫወት ተወሰነ። ከተማው ፈነጠዘ። ሊቦሪዮ ግን ሰጋ፤ የቲሞር ግብ ጠባቂ ልጁ ኤርሜሊንዳ ናት።

በመጀመሪያው ጨዋታ ዋዜማ ጎረቤቱ አንሰልሞ ለፍልሚያ የሚያሳድገውን አውራ ዶሮ እንደታቀፈ መጣ።

«እኔ እንኳ ዶሮዬን ከማጋጠሜ በፊት በእጄ እመዝነዋለሁ» አለ። «ጫጩትና አውራ ማን ያጋጥማል? ዋንጫ ሲሉት እርድ አደረጉት እኮ!»

ሊቦሪዮ በልቡ ተስማማ። ኤርሜሊንዳ ከዱባ ጋር የተቀቀለውን በቆሎ እየበላች ቀና አለች።

«ያንተ አውራ ከተፈለፈለ ቀን ጀምሮ ይዋጋ ነበር እንዴ?»

«ይቺ ልጅ! እጇ እንደ ምላሷ ቢፈጥን ማን ያገባባት ነበር!»

አንሰልሞ እየሳቀ ሲሄድ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ በእንግዶቹ በኩል ሁለተኛ ሚስማር ምታ።»

«አልመታም። አሥር ይግባብሽ ብሎ መራገም ነው።»

«አሥር ገብቶብኝ ሰሌዳው ዘጠኝ ቢልስ? አባቷ አዘነላት ይባላል። እሱ ከመሸነፍ ይብስብኛል።» አንድ ሚስማር አንስታ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ጣለችለት። አላወጣውም፤ አልመታውምም።

እንግዶቹ ዋንጫውን ደጋግመው የወሰዱ ናቸው። እስከ ዕረፍት አምስት አገቡ። ከስድስተኛው በኋላ መተቃቀፉንም ተዉት፤ ኳሷን ከመረቡ አውጥተው ወደ መሐል ይመለሱ ነበር። ሕዝቡ መሳቅ ጀመረ። ኤርሜሊንዳ ቀላል ኳስ በያዘች ቁጥር፣ መራመድ ለጀመረ ሕፃን እንደሚጨበጨብ አጨበጨበላት። ሊቦሪዮን ከጎሎቹ ሁሉ ይልቅ ያ ጭብጨባ አንገበገበው።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አሥረኛው ገባ።

«ቁጥር አለቀብህ፣ ውረድ!» አለ አንሰልሞ ከታች።

«ዘጠኝ ላይ ተወው አጎቴ፣ ልጅቷን አታሳቅቃት!» አለች አንዲት ዓሣ ሻጭ።

ሊቦሪዮ ወደ ግቡ አየ። ኤርሜሊንዳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰሌዳውን ትመለከታለች። ወርዶ ድንጋይ አነሳ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ሚስማሩን ከኪሱ አውጥቶ መታ። ሳቁ ቆመ፤ የድንጋዩ ድምፅ እስከ ማዶ ተሰማ። አንድንና ዜሮን ጎን ለጎን ሰቀለ። ልጁ በእሺታ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ተከላካይዋ ዞረች፦ «አንቺ ምን አፍጥጠሽ ታያለሽ? ሰውሽን ያዢ!»

የሚቀጥለው ጨዋታ ዋንጫው ከተጀመረ አንስቶ ሲሳተፍ ከኖረ ቡድን ጋር ነበር። ግማሹ መቀመጫ ባዶ ሆነ። ጨዋታው ግን ያለ ጎል ቆየ፤ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ከማዕዘን የተሻገረ ኳስ በጭንቅላት ተገጭቶ ኤርሜሊንዳ ላይ ገባ። ሊቦሪዮ አንዴ ተነሳ፣ አንድ ቁጥር ሰቀለ። አንድ ለዜሮ ተሸነፉ።

የሳቀም ያጨበጨበም አልነበረም። ሰዉ በንዴት አጥሩን ይደበድባል።

«ዳኛው ዕውር ነው! ተከላካይዋን ገፍትረዋት እኮ ነው!» አንሰልሞ ከመጮኹ ብዛት ድምፁ ተዘግቷል። «አንቺስ ኤርሜሊንዳ! ያንን ኳስ እንዴት ትለቂያለሽ? እጅሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ?»

ሊቦሪዮ መሰላሉ ላይ ሆኖ ልጁ ስትሰደብ ሰማ፤ ስድቡ ግን እንደዚያኛው ጭብጨባ አላንገበገበውም፤ ቆርቆሮውን ለማውረድ አልቸኮለም። ሁለተኛውን ሚስማር ሊነቅል ይዞ ወዘወዘው። ጠብቋል፤ ተወው።

ማታ ኤርሜሊንዳ ምግቧን ገፍታ ተቀመጠች።

«አንድ ለዜሮ ነው የምወደው ትል የለ?» አለችው። «ይኸውልህ! ደስ ይበልህ!»

ሊቦሪዮ ፈገግታውን እንዳታይበት፣ በቆሎ ሊጨምርላት ብሎ ወደ ድስቱ ዞረ።